አምስት ዶላር መግቢያ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ የምቀዳውም መኪና ውስጥ ነው። ልጆቹ ስለተኙ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ነው። ከኋላዬ አውቶቡስ ሲያልፍ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ዳር ቆሜ ነው።

የዛሬው ወሬዬ ስለ አንድ የአሜሪካ ባንድ ነው። ፉጋዚ ይባላሉ። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ሰምታችሁ እንደማታውቁ እገምታለሁ፤ እኔም ሃያ ዓመት ጎረቤታቸው ኖሬ አልሰማሁም ነበር። ይጫወቱ የነበረው ፖስት ሃርድኮር የሚባለውን ነው። ሃርድኮር ማለት ፓንክ ሮክ ፍጥነቱና ንዴቱ ሲጨመርበት ነው። ፖስት ሃርድኮር ደግሞ ንዴቱ ሳይበርድ ልጆቹ ሙዚቃ ሲችሉ የሚመጣው ነው። ትርጉሙ የራሴ ነው፣ ባለሙያ ፊት እንዳትደግሙት።

ያገኘኋቸው በትኬት ዋጋ ተናድጄ ነው። ለእንቁጣጣሽ ከባለቤቴ ጋር ኮንሰርት ሄድን። ዘፋኙንም ፕሮሞተሩንም አልጠራም። መግቢያው 60 ዶላር ነው፣ በር ላይ 80። ማታ አራት ሰዓት ይጀምራል የተባለው ዘፋኝ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ። በአንድ ኪቦርድ አራት ዘፈን ተጫወተ። ከዚያ መብራት በራ፣ ወደ ቤታችሁ ተባልን። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ እስከ መኪናው ሄደች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ለአንድ አሜሪካዊ ባልደረባዬ ብሶቴን ነገርኩት። የዋሽንግተን ዲሲ ልጅ ነው፣ ጸጉሩ ሸብቷል። ሳቀብኝ። «እኔ በወጣትነቴ የዚህን ከተማ ትልቅ ባንድ በ5 ዶላር ነበር የማየው» አለኝ። የድሮ ሰው ነው፣ የድሮ ዋጋ ነው ብዬ ተውኩት። ማታ ግን የባንዱን ስም ፈልጌ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ፉጋዚ የመጀመሪያ ዝግጅታቸውን ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 ዊልሰን ሴንተር በሚባል ቦታ ነው። ዲሲ ውስጥ 15ኛውና ኧርቪንግ መንገድ ላይ። ኢያን ማካይ ጊታርና ድምፅ፣ ጆ ላሊ ቤዝ፣ ብሬንዳን ካንቲ ድራም። ጋይ ፒቾቶ ትንሽ ቆይቶ ነው የተቀላቀለው፤ መጀመሪያ ላይ ጊታር እንኳ አልነበረውም፣ ይዘፍናል፣ ይዘላል። በአንድ የድሮ ቪዲዮ ላይ የቅርጫት ኳስ ቀለበቱ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቆ፣ እግሩ ወደ ጣሪያ፣ ማይኩን ይዞ ይዘፍናል። ልጄ አይታው «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማካይ ከዚያ በፊት ማይነር ትሬት የሚባል ባንድ ነበረው፣ ፒቾቶና ካንቲ ደግሞ ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ። ሁሉም የዲሲ ልጆች የሚያደንቁት ባድ ብሬንስ የሚባለውን የጥቁሮች ባንድ ነበር። እዚህ ላይ የኛ ነገር ይገባል፤ ባድ ብሬንስ ራስታ ሆነው ነበር። የጃንሆይ ስም በኛ ሰው ካሴት ቤት ሳይሆን በዲሲ ፓንክ ቤት ሲነሳ አስቡት! በነገራችን ላይ የፉጋዚ ቤዝም ከሬጌ የተማረ ነው፣ ስትሰሙት ታውቁታላችሁ።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። እኔን የያዘኝ እሱ ነው።

መግቢያቸው 5 ዶላር ነበር። የመጀመሪያ ዓመት ማስተዋወቂያ እንዳይመስላችሁ። ስማቸው ከወጣ፣ አዳራሽ መሙላት ከጀመሩ በኋላም ለዓመታት እዚያው አካባቢ ነው ያቆዩት። ደግሞ ዕድሜ አይከለከልም፤ የ14 ዓመት ልጅም ይገባል። መጠጥ ሸጦ ለሚኖር ክለብ ይሄ ራስ ምታት ነው። መጠጥ የማይጠጣ ሕጻን በ5 ዶላር አስገብተህ ምን ታተርፋለህ?

እንዴት እንደቻሉት ስፈልግ ነገሩ ጽድቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ሒሳብ ነው። ማናጀር የላቸውም። ስልክ ደውሎ ቦታ የሚይዘው ማካይ ራሱ ነው። የሚሄዱት በቫን ነው። ቲሸርት አይሸጡም፤ ቲሸርቱን የሚሸጡት ሌሎች ነጋዴዎች ነበሩ። ክለቡ አልስማማ ካለ አዳራሽ ይፈልጋሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤትም ቢሆን። አንድ ሺህ ሰው በአምስት አምስት ዶላር ሲገባ 5,000 ነው። መሐል ላይ የሚበላ ሰው ከሌለ ለአራት ሰው ክፉ አይደለም። የኛን ኮንሰርት ሒሳብ በሐሳቤ ስሠራው አዳራሹ አለ፣ ፕሮሞተሩ አለ፣ የፕሮሞተሩ ጓደኛ አለ፣ ፖስተር ላይ ፎቶው ካልወጣ የሚቀየም ስፖንሰር አለ። ዘፋኙ ራሱ ስንት እንደደረሰው እንጃ። አራት ዘፈን የዘፈነው ለካ አራት ዘፈን የሚያህል ተከፍሎት ይሆናል።

ሙዚቃውን የሚያሳትመውም የራሳቸው ቤት ነው፣ ዲስኮርድ። ማካይና ጓደኞቹ በ1980 ነው ያቋቋሙት። ቤቱ እዚሁ አርሊንግተን ነው። ከባንዶች ጋር የወረቀት ውል የለም፣ በቃል ብቻ፤ ትርፉን ይካፈላሉ። አልበሙ ጀርባ ላይ በፖስታ ሲላክ ስንት እንደሆነ ይጽፉ ነበር፣ ሱቅ እንዳይጨምርባችሁ ማለት ነው። በ90ዎቹ ኒርቫና የሚባለው የሮክ ባንድ ዝናው ከፈነዳ በኋላ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲመጡ «አይ» አሉ። የማንም ዕዳ የሌለበት ሰው «አይ» ማለት አይከብደውም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ሰዎቹ ኮስታራ ነበሩ። መድረኩ ፊት እየተጋፋ ሌላ ሰው የሚመታ ካለ ሙዚቃውን ያቆማሉ። ልጁን በትህትና ያናግሩታል። አልሰማ ካለ ያስወጡትና 5 ዶላሩን በፖስታ አድርገው ይመልሱለታል። ለዚሁ የተዘጋጀ ፖስታ ነበራቸው! እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። ደግሞ ትንሽ አስተማሪ አስተማሪ ይላል፤ ሃያ ዓመት ሆኖኝ ቢሆን ምናልባት ያናድደኝ ነበር።

ፖለቲካውም አለ። ዲሲ ውስጥ ሲጫወቱ አብዛኛው ገቢ ለበጎ ሥራ ነው የሚሄደው። በጥር 1991፣ የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ላፋዬት ፓርክ በዚያ ብርድ ተጫውተዋል።

አልበሞቹን አልዘረዝርም። የ1990ው «ሪፒተር» ታዋቂው ነው። የ1991ዱ ድምፁ ደረቅ ነው፣ ለኔ አልተመቸኝም። የ1993ውን ደግሞ መጀመሪያ ቺካጎ ሄደው ከድምፅ ቀጂው ስቲቭ አልቢኒ ጋር ቀዱት፣ አልወደዱትም፣ ጥለውት ተመለሱና ከሌላው ቀጂ ከዶን ዚየንታራ ዘንድ፣ አርሊንግተን፣ ኢነር ኢር ስቱዲዮ እንደገና ሠሩት። ያ ስቱዲዮ ኋላ ላይ ሸርሊንግተን አካባቢ ነበር፤ እኔ ስንት ዓመት መኪናዬን ይዤ በአጠገቡ ያለፍኩበት ሰፈር ነው። በ2021 ተዘጋ። የምወደው የመጨረሻውን ነው፣ የ2001ዱን «ዚ አርጊውመንት»። ቼሎ ይገባበታል። ጩኸቱ ቀንሶ ሰዎቹ አድገው ትሰሟቸዋላችሁ።

ከዚያ በኅዳር 2002 ለንደን ተጫወቱ። ያ የመጨረሻው ሆነ። ተጣልተው አይደለም። ልጅ መጣ፣ ቤተሰብ መጣ፣ ሁሉም በየፊናው ሥራ ያዘ። ላሊ ለዓመታት ሮም ኖሯል። ተበትነናል አላሉም፤ ዕረፍት ላይ ነን ነው ያሉት። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ዕረፍት። እኔ እዚህ አገር የገባሁት በ2003 ነው። በጥቂት ወር ነው ያመለጡኝ።

ግን ቀድተው አስቀምጠዋል። አሥራ አምስት ዓመት በሙሉ ከሺህ በላይ ዝግጅት አቅርበው ከ800 በላዩን በቴፕ ይዘውታል። በ2011 ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ጀመሩ። ዋጋው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 5 ዶላር። የሌለው አንድ ዶላር ይክፈል፣ የተረፈው መቶ። ቅጂዎቹ አልተቀባቡም። ክር ሲቃኙ፣ ሰው ሲሳደብ፣ ማካይ «እባካችሁ ወደ ኋላ» ሲል፣ ሁሉም አለ። እኔ ተሳፋሪ በሌለኝ ሰዓት እሱን ነው የምሰማው።

ባለፈው ሳምንት ከኧርቪንግ አንዲት ወጣት ጫንኩ። 15ኛው ጥግ ስንደርስ የድሮው ዊልሰን ሴንተር ታየኝ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው። አላስቻለኝም፣ «ዌይቲንግ ሩም» የሚባለውን የፉጋዚን ዘፈን ከፈትኩት። የሚጀምረው የላሊ ቤዝ ብቻውን ነው። ከዚያ ጊታሩና ድራሙ ይገባሉ፣ ከዚያ በድንገት ሁሉም ጸጥ ይላል። ጭጭ። እኔ መሪውን ይዤ የሚመለሱበትን እየጠበቅሁ ነው።

ልጅቷ ከኋላ «ብሉቱዝህ ተቋረጠ መሰለኝ» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳት።