ሁለት ወንበር ለ200,000 ሰው

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከመራዊ፣ ከዘጌና ከደራ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ቦታ አለ።

የዘንድሮው ርእሳችን የቀድሞው የገጠር ምርጫ ወረዳ ነው። ርእሱ ሲወራ "ሰብሳቢው ፖለቲካ ሊጀምረን ነው እንዴ?" ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አይዟችሁ። የማወራው በንጉሡ ዘመን ስለተደረጉት አምስት ምርጫዎች ነው።

ፓርላማ የተቋቋመው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ሕዝቡ ግን አልመረጠም። የፓርላማውን ታችኛ ምክር ቤት፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን፣ አባላት የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። "መብቃቱ" ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። በ1950 መግቢያ ላይ ገበሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠ። ዕድሜው 21 ከሞላ ወንድም ሴትም መምረጥ ይችላል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት በዚያው ምርጫ ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር እንምጣ። ሕጉ አገሩን የከፋፈለው በየ200,000 ሰው ግድም ነው። ለአንድ ምርጫ ወረዳ ሁለት እንደራሴ። ከተማ ለብቻው ወንበር የሚያገኘው ሕዝቡ ከ30,000 ሲያልፍ ነው። ያኔ ባሕር ዳር የት ደርሳ! ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውም ፖሊቴክኒኩም ገና አልተሠሩም። ስለዚህ ዛሬ የክልል መዲና የሆነችው ከተማችን ድምፅ የሰጠችው ከገጠሩ ጋር ተደምራ ነው። ይሄን ለከተሜ ልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ ትንሽ ኩራታቸው ይበርድላቸዋል። ሐይቁ ራሱ ለሁለት ጠቅላይ ግዛት የተከፈለ ነበር። እኛ ጎጃም፣ ከዓባይ ማዶ ያሉት ደራና ፎገራ በጌምድር።

ማን ይወዳደር ነበር? ዕድሜው 25 የሞላ፣ በወረዳው የሚኖር፣ እዚያው ንብረት ያለው። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ፕሮግራም አይቶ የሚመርጥ ሰው ከየት ይመጣል? የሚጠየቀው "የማን ልጅ ነው?" ነው። 200,000 ሰው ባለበት አገር ለመታወቅ በቅሎ ያስፈልጋል፣ አጃቢ ያስፈልጋል፣ የሚያበላ ቤት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ያለው ደግሞ የታወቀ ነው።

ብዙ መቆየት የምፈልገው ግን 1960 ላይ ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ወራት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ለእንደራሴዎቹ አላዳላም፣ አልፈርድባቸውምም፤ የሕግ መምሪያው ዝም ብሎ አላጨበጨበም፣ ረቂቁን ተከራክሮበታል። ክርክሩ ግን በአብዛኛው የባለመሬቶች ክርክር ነበር። የጎጃም ገበሬ ፍርሃት ሌላ ነው። ምርቱን ለመገመት የመጣ ሰው ነገ መሬቱን ሊለካ ነው። መሬቱ ከተለካ ርስቱ አለቀለት። ይህ ፍርሃት አዲስ አልነበረም፤ በ1930ዎቹም በመሬት ግብር ምክንያት ጎጃም ሸፍቷል።

እናም ደጋ ዳሞት፣ ሞጣ፣ የእኛው ባሕር ዳር አውራጃም ተነሣ። ገማቾቹ ተባረሩ፣ ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ምን ሆነ? ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ። ውዝፍ ግብርም ተማረ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር፣ የማይስማማ ከሰዓት በኋላ ይከራከረኝ። ያ ገበሬ እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠርቷል። ግብሩን ያስቀረለት ግን ኮሮጆው ሳይሆን ጠመንጃው ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠው ሰው የእሱ ጠበቃ መሆኑን የሚያይበት አንድ አጋጣሚ መጣ፤ እሱም አመለጠ። የዚያን ዘመን ምርጫ ስንመዝን ከአሸናፊው ስም ይልቅ ይህን ብናይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከዚያ በሰኔ 1961 እንደገና ምረጥ ተባለ። ሰኔ! ገበሬው እርፍ ይዟል፣ ፎገራ ሜዳ ውሃ ሊያቁር ነው። ምርጫው የተጀመረው ሰኔ 16 ቀን፣ ሰኞ ነበር። ሰኔና ሰኞ ማለት ይሄ ነው። የ2013ቱ ምርጫም ሰኔ 14፣ ሰኞ ዋለ። የምርጫ ቀን የሚያወጡት ሰዎች አርሰው አያውቁም መሰለኝ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። በ1965 አምስተኛው ምርጫ ተደረገ። ተመራጮቹ አራት ዓመታቸውን አልጨረሱም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ፓርላማውንም ዘጋ። የቀድሞው ምርጫ ወረዳ በዚያው ቀረ። በ1979 የደርግ ዘመኑ ምክር ቤት፣ ሸንጎ፣ መጣ። ከ1987 ወዲህ ደግሞ አገሩ በ547 ምርጫ ክልል ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ አንድ ወንበር ሆነ። ስለዚያ ሁላችሁም ከእኔ በላይ ታወራላችሁ።

አሁን ሥራ። በ1965 ድምፅ የሰጠ ሰው ዛሬ 70ን አልፏል። አንዳንዶቹ እዚሁ አዳራሽ ከፊት ተቀምጠው ይስቁብኛል። እያንዳንዳችን ከዘንድሮ ፋሲካ በፊት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት እንጠይቅ። የት መረጡ? በእግር ነው በታንኳ የሄዱት? እነማን ተወዳደሩ? ማን ምረጡ አላቸው? እናቶች ራሳቸው ሄዱ ወይስ ባል ብቻ ሄደ? በስልካችሁ ቅዱት፣ ፈቃድ ግን ጠይቁ። በሳጥን ውስጥ የቆየ ካርድም ሆነ ወረቀት ካለ ፎቶ አንስታችሁ መልሱ፤ ኦሪጅናሉን አንወስድም።

ከሻይ በኋላ የሒሳብ ሪፖርት ይቀርባል። ከዚያ የሥራ አስፈፃሚ ምርጫ አለን። ርስት አንጠይቅም፣ በቅሎም አያስፈልግም። የዓመቱን መዋጮ የከፈለ መወዳደር ይችላል። ያልከፈላችሁ ገንዘብ ያዧ በር ላይ አሉ።

ጉባኤው ተከፍቷል።