ከ21 ሜትር ላይ ሲታይ፦ ለዓመታዊ ጉባኤያችን የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የታንክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ አባትና እናታችሁን ጎትታችሁ ያመጣችሁ ታዳጊዎች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ገንዘብ ያዣችን ያቀርቡታል። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም። እነሱም በእኔ ጭቃና ዝገት እንዳይገቡብኝ ከወዲሁ አደራ ብያለሁ።

ዛሬ ማንሳት የምፈልገው የርቀትን ነገር ነው። አብዛኞቻችን በ1/72 ስኬል እንሠራለን፣ ማለትም እውነተኛውን ታንክ 72 ጊዜ አሳንሰን፤ ጥቂቶቻችን በ1/76። እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ሞዴሉን ከዓይናችን 30 ሳንቲ ሜትር አርቀን ብናየው፣ 30 በ72 ሲባዛ 21.6 ሜትር ይመጣል። እውነተኛውን ታንክ ከ21 ሜትር በላይ ርቀን እንደማየት ነው። ከዚያ ላይ ምን ይታያል? ቅርጹ ይታያል። የሰንሰለቱ መርገብ ይታያል። አቧራው የት የት እንደተኛ ይታያል። በብሎን ዙሪያ ያለች ጭረት ግን አትታይም።

ታዲያ ጠረጴዛችን ላይ ያሉት ታንኮች ለምንድን ነው በጭረት ያበዱት? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስልክ ነው። ፎቶ እናነሳና እናጎላዋለን። ገላዋ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ቲ-34፣ ያቺ የሶቪየት ታንክ፣ ስክሪኑን ሞልታ ቁጭ ትላለች። ባዶ ቦታ አየን ብለን ብሩሽ እናነሳለን። በኋላ ሞዴሉ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ኩፍኝ የያዘው ይመስላል። እኔ ይህ አካሄድ አልተዋጠልኝም። ሊቀመንበር ስለሆንኩ ደግሞ ዛሬ የሚያቋርጠኝ የለም።

በነገራችን ላይ ስኬሎቹ ራሳቸው በጥናት የተመረጡ አይደሉም። 1/72 የመጣው በእንግሊዞች ልክ ነው፤ አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። 1/76 ከሞዴል ባቡሮች ጋር የተዛመደ ነው፤ የእንግሊዙ ሞዴል አምራች ኤርፊክስ የመጀመሪያዎቹን ታንኮቹን ያወጣው በእሱ ነው። ትልቁ 1/35 ደግሞ፣ የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ የፓንተር ታንክ ሞዴሉን ሲሠራ ሞተሩና ባትሪዎቹ ገላው ውስጥ እንዲገቡ ብሎ የደረሰበት ልክ ነው። ስለዚህ በስኬል የሚኮራ ሰው ካለ፣ ኩራቱን ለባትሪው ያካፍል።

ወደ ሥራው እንግባ። የትናንሽ ሞዴሎች ትልቁ ጠላት ውፍረት ነው። የቲ-34 የጎን ጋሻ 45 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ለ72 ሲካፈል 0.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፓራፋንጎው ግን ተራ ላሜራ ነው፤ ቢወፍር ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። የኪቱ፣ ማለትም ገዝተን የምንገጣጥመው ሞዴል፣ ፓራፋንጎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእውነተኛው ታንክ ላይ 36 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ይህ ፓራፋንጎ ሳይሆን ሌላ ጋሻ ነው። በፋብሪካው አልፈርድም። ፕላስቲክ በጣም በቀጠነ ሻጋታ ውስጥ እንደልብ አይፈስም።

ደግነቱ ሁሉንም ማቅጠን አያስፈልግም። ዓይን የሚያየው ጠርዙን ብቻ ነው። ክፍሉን ገልብጡትና ጠርዙን ከሥር በኩል በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጉት። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ከላይ ሲታይ ላሜራ ነው።

አፈሙዙም እንደዚሁ ነው። የ76.2 ሚሊ ሜትር መድፍ ቀዳዳ በእኛ ስኬል ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያልፋል። መሐሉን በመርፌ ጫፍ ነጥብ አድርጉበት። በ0.5 መሰርሰሪያ ጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ 1 አድርሱት፤ በእጅ እያዞራችሁ። በፍጥነት በሚሽከረከር ማሽን ከሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና አፈሙዙ ይጣመማል። የእጅ መያዣዎቹን ቆርጣችሁ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ የመዳብ ክር ተኳቸው። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነው ክር በእውነተኛው ታንክ ላይ 14 ሚሊ ሜትር ብረት ይሆናል። ለመያዣ ልክ ነው። ከቀጭን የነሐስ ቅጠል ተቆርጠው የሚሸጡ ዝግጁ ክፍሎችን የምትወዱ ውደዱ፤ እኔ ግን ገመዱ ይበቃኛል።

ከሁሉም በላይ ሰንሰለቱን አደራ። ቲ-34 ላይ ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከሙ ትናንሽ ሮለሮች የሉም። የጀርመኑ ታይገር ላይም የሉም። ሰንሰለቱ በራሱ ክብደት ረግቦ የጎማዎቹ ጀርባ ላይ ይተኛል። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ለስላሳ ሰንሰለት ግን እንደ ላስቲክ ተወጥሮ ከጎማዎቹ በላይ ይንሳፈፋል። ይህ ጥፋት ከ21 ሜትር ላይም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎማው ላይ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉና ሰንሰለቱን አስተኙት፤ እስኪይዝ ድረስ በሰንሰለቱና በፓራፋንጎው መሐል ስፖንጅ ወትፉ። የአሜሪካው ሸርማን ግን ሮለሮች አሉት። እሱን እንደ ቲ-34 ጎማው ላይ እንዳታስተኙት።

አሁን ወደ ማስረጀቱ፣ ማለትም ሞዴሉን ያገለገለ ታንክ ወደ ማስመሰሉ። ጠባችን እዚህ ላይ ነው።

1 ሚሊ ሜትር የሆነ የቀለም ልጣጭ በእውነተኛው ታንክ ላይ ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። መዳፍ ያህላል። ፓራፋንጎ ላይ አንድ ሁለት ቦታ ሊኖር ይችላል፤ ወታደር ይወጣል ይወርዳል፣ ሣጥን ይጎተታል። ሰው በማይደርስበት የቱሬት፣ ማለትም መድፉን ይዞ የሚዞረው የላይኛው ክፍል፣ ጎን ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ ሃያ ልጣጮች ከየት መጡ? ሠሪው መልስ ካለው ጥሩ። «ደስ ስላለኝ» ካለ ግን ቀለም አባክኗል።

ሰንሰለቱን ተመልከቱ። የቲ-34 ሰንሰለት ማንጋኒዝ ያለበት ብረት ነው። ታንኩ ሲሄድ መሬት የሚነካው ፊቱ ይሞረዳል፣ ያበራል። ጎድጓዳው ውስጥ ጭቃ ይቀራል። ስለዚህ ሰንሰለቱን በጥቁር ቡኒ ቀብታችሁ፣ ከፍ ያለውን ብቻ ጣታችሁ ላይ ባለ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት እሹት። አለቀ። የሸርማን ሰንሰለት ግን ብዙ ጊዜ ጎማ የተለበጠ ነው። ጎማ አያበራም፣ አይዝግምም። እዚያ ላይ የሚያበራው የሰንሰለቱን ቁራጮች የሚያያይዘው የጎንና የጎን ብረት ነው። ጎማ ላይ ዝገት የቀባችሁ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ፤ ስም አልጠራም።

ዝገት የራሱ ቦታ አለው። ማርሚታ ላይ ቀለሙ በሙቀት ይቃጠልና ዝገቱ ቶሎ ይወጣል። እዚያ እንደልባችሁ ሁኑ። የሚንቀሳቀስ፣ ሠራተኞቹ የሚንከባከቡት ታንክ ግን መላ ገላው ብርቱካናማ አይሆንም። እንደዚያ የሚሆነው የተቃጠለ ወይም ተጥሎ የከረመ ታንክ ነው። የተቃጠለ ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ ጎማው የተለበጠበት መንኮራኩር ላይ ያለው ጎማም አብሮ መቃጠል አለበት። ግማሽ ቃጠሎ የለም።

አቧራና ጭቃ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የትንሽ ሞዴል ነፍስ እዚያ ነውና። 5 ሳንቲ ሜትር ጭቃ በእኛ ስኬል 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ከከመራችሁ ታንኩ ከረግረግ መውጣቱን የሚያሳይ ዳዮራማ፣ ማለትም ሞዴሉ የሚቆምበት የአካባቢ ትዕይንት፣ ይኑራችሁ። እርጥብ ጭቃ ጠቆር ይላል፣ ታች ነው ያለው። ደረቁ ነጣ ይላል፣ ከፍ ብሎ ይገኛል። አቧራ አግድም ቦታ ላይ ይተኛል፤ ወታደር የሚረግጥበትን ግን ጫማው ያጸዳዋል። በቱሬቱ ክዳን ዙሪያና ወደ ሞተሩ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ የመሠረቱ ቀለም ይታይ፣ ጥጋጥጉ ይንጣ። ይህን ብቻ በደንብ የሠራ ሰው ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልገውም።

ዋሽ፣ ማለትም በጣም የቀጠነ ቀለም፣ ስትጠቀሙ እጃችሁን ያዝ አድርጉ። ከሥር ያለው አክሪሊክ ቀለም ከሆነ፣ ከላይ በአኳራጅ የቀጠነ ኤናሜል ቀለም ሥሩን አያቀልጠውም። የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ አስቀድሙ። የብሩሹን ጫፍ መገጣጠሚያው ላይ ብቻ ንኩት፤ ፈሳሹ ራሱ መስመሩን ይዞ ይሮጣል። ገላውን በሙሉ ማጠብ አያስፈልግም። ፈሳሹ በተወጠረ መጋጠሚያ ውስጥ ከተጠራቀመ ደግሞ ፕላስቲኩን ያዳክምና ይሰነጥቀዋል። የአቧራ ዱቄትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ መጨረሻ ላይ ይምጣ። በላዩ ቨርኒሽ ከነፋችሁበት ግማሹ ይጠፋል።

ዘመኑንም ጠብቁ። የጀርመን ታንኮች ጠቆር ያለ ቢጫ መሠረት ቀለም በየካቲት 1943 እ.ኤ.አ. ነው የታዘዘው። መግነጢሳዊ ፈንጂ እንዳይጣበቅ የሚለጠፈው ዚመሪት ከ1943 እ.ኤ.አ. ሁለተኛ አጋማሽ እስከ መስከረም 1944 እ.ኤ.አ. ነው የተሠራበት። ከዚያ በፊት ባበቃው የስታሊንግራድ ውጊያ ላይ ዚመሪት የለበሰ ታንክ ካመጣችሁ፣ ጭቃችሁ የቱንም ያህል ቢያምር ዳኞቻችን ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የተስማማበትን ልንገራችሁ። ዘንድሮ ዳኞች በመጀመሪያው ዙር አጉሊ መነጽር አይይዙም። ሞዴሉን በተለመደ መብራት፣ ክንድ ባላለፈ ርቀት ላይ ሆነው ያያሉ። የመጀመሪያው ነጥብ ከዚያ ይሰጣል። አጉሊ መነጽሩ በሁለተኛው ዙር ይመጣል፤ ለሙጫ እድፍ፣ ላልተሞረደ መገጣጠሚያና በስቱኮ ላልተሞላ ክፍተት። ከየሞዴሉ ጎን አንድ አጭር ካርድ ይኑር፦ ታንኩ የት ነበር፣ በየትኛው ወር፣ መሬቱ ምን ዓይነት ነበር። ልብ ወለድም ቢሆን ችግር የለም። ከዚያ ዳኛው ጣቱን እድፉ ላይ ቀስሮ «ይሄስ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

ይህን የማይወድ አባል እንዳለ አውቃለሁ። ሁለቱ ከፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው። ከሻይ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው፣ ወንድሞቼ፤ ተዘጋጅታችሁ ኑ። የታዳጊዎች ጠረጴዛ በስተግራ ነው። ወረንጦና ሙጫ ተዘጋጅቶላችኋል፤ መሬት ላይ የወደቀ ክፍል የምትፈልጉ ሰዎች ግን ከመንበርከካችሁ በፊት ወንበሮቹን አንሱ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን፣ ይቀጥሉ።