ማውሊ፦ እስከ ፓንዳርፑር በእግር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ በአንዲት ቃል እንጀምራለን። ማውሊ። እስቲ እናንተም በሏት። ማውሊ። በማራቲ ቋንቋ «እናት» ማለት ነው። ቃሏን ያዙልኝ፣ ደጋግመን እንመለስባታለን።

[ምስል፦ በዝናብ ውስጥ የሚጓዝ ረጅም የነጭ ለባሾች ሰልፍ]

እኚህን አባት እዩአቸው። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ነጭ ቆብ። አንገታቸው ላይ የእንጨት መቁጠሪያ። እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ከፊት ለፊታቸው አንድ ጎረምሳ መጣ። ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ነካ። ይሄ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ግን ቆዩ፣ ቀጥሎ ያለውን እዩ። አባትየውም ጎንበስ አሉ። የጎረምሳውን እግር ነኩ። «ማውሊ» አሉት። እሱም «ማውሊ» አላቸው። ከዚያ ሁለቱም መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይቺን ጥቂት ሴኮንድ ደጋግሜ አይቻታለሁ። የዛሬው ቪዲዮ የተሠራው በእሷ ምክንያት ነው።

እስቲ የእኛን ጉልበት መሳም አስቡት። በዓል ነው፣ አያታችሁ ቤት ገባችሁ። አያት ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ትላላችሁ። ጉልበታቸው ጋ ሳትደርሱ ትከሻችሁን ይይዙና «ተው ልጄ፣ ተው» ይላሉ። እናንተም እንቢ ብላችሁ ትስማላችሁ። «እደግ፣ ተመንደግ» ይወርዳል ምርቃቱ። እኔ ይሄን በጣም እወደዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ አቅጣጫ አለው። መሳሙ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ምርቃቱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ልጅ ለአያት። ሙሽራ ለወላጅ። ተማሪ ለየኔታ። አያት ከወንበር ተነሥተው የልጅ ልጃቸውን ጉልበት ሲስሙ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ቢያደርጉት ቤቱ በሙሉ ይደነግጣል። «ኧረ በማርያም!» ይባላል።

እነዚህ ሰዎች ጋ አቅጣጫው የለም። መራቂም ተመራቂም የለም። አያት ለልጅ፣ ባለመሬት ለቀን ሠራተኛ፣ ሁለቱም እኩል ጎንበስ ይላሉ። ምክንያታቸው አጭር ነው፦ አምላክ በዚህ ሰው ውስጥም አለ። ስለዚህ ላንተም እሰግዳለሁ፣ አንተም ትሰግድልኛለህ።

ዋርካሪ ይባላሉ። ምዕራብ ሕንድ ውስጥ የማሃራሽትራ ግዛት ሂንዱዎች ናቸው። «ዋሪ» በየጊዜው የሚደረግ ምልልስ ነው፤ «ዋርካሪ» ደግሞ ያንን ምልልስ የሚያደርግ። ምልልሱ ወደ ፓንዳርፑር ከተማ ነው። ከተማዋ ቢማ ወንዝ ዳር ነች። ወንዙ እዚያ ጋ እንደ ጨረቃ ስለሚታጠፍ ቻንድራባጋ ይሉታል፣ «ቻንድራ» ጨረቃ ነውና። ትልቁ ጉዞ በእኛ ሰኔ ወይም ሐምሌ ላይ ይውላል። ልክ ክረምቱ ሲገባ። ገበሬው ዘሩን ይዘራል፣ ከዚያ ቤቱን ዘግቶ ይወጣል።

ከፑኔ ከተማ አጠገብ ካሉት ከአላንዲና ከዴሁ የሚነሡት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር ይሄዳሉ። ሦስት ሳምንት ያህል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው። ከአላንዲ የሚወጣው የብር ሠረገላ የድኛኔሽዋርን ጫማ ምሳሌ ይዟል፣ ከዴሁ የሚወጣው የቱካራምን። ሁለቱም ዋርካሪዎች እንደ ቅዱስ የሚያከብሯቸው ገጣሚዎች ናቸው።

ድኛኔሽዋር ላይ ትንሽ ልቁም። እ.ኤ.አ. በ1275 ተወለደ፣ በ1296 አረፈ። ቁጠሩት፣ 21 ዓመት። በዚያች ዕድሜ ባጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ለገበሬው በሚገባው ማራቲ ተረጎመና አብራራ። መጽሐፉ በሳንስክሪት ነበር፣ ሳንስክሪት ደግሞ የሊቃውንት ቋንቋ ነው። ንባቡ በግእዝ፣ አንድምታው በአማርኛ የሆነበት አገር ልጅ ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። እና ይሄን ወጣት ሰዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩት ገመቱ። ማውሊ። እናት። እኔ እንደሚገባኝ፣ ጠጣሩን ነገር አድቅቆ ስላጎረሳቸው ነው።

ሰልፉን ከሩቅ ስታዩት ጎርፍ ይመስላል። ግን ዝም ብሎ የተሰበሰበ ሕዝብ አይደለም። ዲንዲ በሚባሉ ቡድኖች የተከፈለ ነው። የአንድ መንደር ወይም የአንድ ሰፈር ሰዎች አንድ ዲንዲ ይሆናሉ። ማኅበር በሉት። የራሱ መሪ አለው፣ እንደ ሙሴያችን። የራሱ ድንኳን፣ የራሱ ድስት፣ የራሱ መዋጮ አለው። ከፊት ባንዲራ ያዦች። ቀጥሎ ጸናጽል የሚመስል የነሐስ ጥንድ የሚመቱ። መሐል ከበሮው። ቪና የተባለውን ባለክር መሣሪያ የያዘው ሰው ዘፈኑን ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ከኋላ ሴቶቹ፣ ቱልሲ የተተከለበትን ማሰሮ በራሳቸው ተሸክመው። ቱልሲን አታውቁትም? ዘመዱን ታውቁታላችሁ። በሶብላ ነው! ሁለቱ በእጽዋት ቤተሰብ እጅግ ቅርብ ናቸው። ሽሮ ላይ የምታሸቱት ነገር ወንድም ማለት ነው። ያን ተክል በራሳቸው ተሸክመው ሦስት ሳምንት ይሄዳሉ።

እምነቱን ቶሎ ልለፈው፣ ቪሽኑ የተባለውን አምላክና በሰው መልክ የመጣበትን ክሪሽናን ባለፉት ቪዲዮዎች አይተናል። ዋርካሪዎቹ ፓንዳርፑር ድረስ የሚሄዱለት አምላክ ቪቶባ ይባላል፤ የክሪሽና መልክ ነው። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ጡብ ላይ ቆሟል። ለምን ጡብ? ፑንዳሊክ የተባለ ሰው ወላጆቹን እያገለገለ ሳለ አምላክ በሩ ላይ መጣ ይላሉ። ፑንዳሊክ ሥራውን አላቋረጠም። ጡብ ወረወረና «እዚያ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» አለው። እስከ ዛሬ ቆሞ እየጠበቀ ነው። ዋርካሪ የሚሆን ሰው 108 ፍሬ ያለው የቱልሲ መቁጠሪያ ያስራል። ሥጋና መጠጥ ይተዋል። በወር ሁለት ጊዜ፣ ጨረቃ በገባች በ11ኛው ቀንና ሙሉ ከሆነች በኋላ በ11ኛው ቀን ይጾማል። ይዘምራል። በየዓመቱ ይሄዳል። መመንኮስ የለም፣ ትዳሩም እርሻውም እንዳለ ነው። በቃ።

ቻናሉን ገና ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዘፈኖቹ ነው። ደግሞም ኮሜንቶቻችሁን አነባለሁ። ለዚህም ነው አሁን መንገዳችንን አቁመን አንድ ነገር ማጥራት ያለብን።

«ሂንዱዎች 330 ሚሊዮን አማልክት አሏቸው፣ ስለ የትኛው ነው የምታወራው?» ይሄ አስተያየት በየቪዲዮው ሥር ይመጣል። ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። በሳንስክሪት «33 ኮቲ» የሚል አባባል አለ። ኮቲ አሥር ሚሊዮን ማለት ይሆናል። አባዙት፣ 330 ሚሊዮን። ግን ኮቲ «ዓይነት»፣ «ወገን» ማለትም ይሆናል። ብዙ ሂንዱዎች «33 ወገን» ብለው ያነቡታል። ዝርዝሩም አለ፦ 8፣ 11፣ 12፣ ከዚያ 2። ድምሩ 33።

ከዚህ የሚበልጠው ግን አንድ ጥንታዊ ክርክር ነው። ኡፓኒሻድ በሚባሉት ድርሳናት ውስጥ ነው ያለው፣ ከ2,500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሻካልያ የተባለ ሰው ሊቁን ያጅናቫልክያን ይጠይቃል። አማልክት ስንት ናቸው? ሦስት መቶ ሦስት፣ ደግሞም ሦስት ሺህ ሦስት። እሺ፣ ግን ስንት ናቸው? ሠላሳ ሦስት። እሺ፣ ግን ስንት ናቸው? ስድስት። እሺ፣ ግን ስንት? ሦስት። ስንት? ሁለት። ስንት? አንድ ተኩል። እሺ፣ ግን ስንት ናቸው? አንድ።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ «ስንት አላቸው?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ድሮው መጠየቅ አልቻልኩም። እነሱ ራሳቸው ቀድመው ጠይቀውታል፣ ያውም ሰባት ጊዜ። ያ ዋርካሪ አባት ቢጠየቁ ደግሞ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። ቪቶባ ይሏችኋል፣ ከዚያ እግራችሁን ይነካሉ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር። እግር መነካካቱ አምሮ፣ ታሪኩ ሁሉ ያማረ አይደለም። ቾካሜላ የሚባል ገጣሚ ነበር፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን። ማሃር ከሚባለው ዘር ነበር። «አይነኬ» ተብለው ከሚገለሉት። ለቪቶባ ዘፈን ይገጥማል፣ ዘፈኖቹን ሁሉም ይዘምራቸዋል፣ እሱ ግን ቤተ መቅደሱ ውስጥ አይገባም። ውጭ ቆሞ ይዘምራል። ሲሞት መቃብሩ ከበሩ ፊት ለፊት ሆነ። ከውጭ። ዛሬም እዚያው ነው። በጉዞው ላይ እንኳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ምግብ በየዘሩ ለየብቻ የሚበላባቸው ዲንዲዎች ነበሩ። የቤተ መቅደሱ በር ለሁሉም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፣ ሳኔ ጉሩጂ የተባለ መምህር «እስኪከፈት አልበላም» ብሎ ከጾመ በኋላ። አስቡት፣ ከቾካሜላ እስከዚያ ስድስት መቶ ዓመት። ይሄን ደብቄ ውቡን ብቻ ባሳያችሁ ቾካሜላን ሁለተኛ ውጭ አቆምኩት ማለት ነው።

ደግሞ ጃናባይን ስሙኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በዘፈኖቿ ውስጥ ቪቶባ ይመጣና አብሯት ወፍጮ ይፈጫል። እጁ ከእጇ ጋር መጁ ላይ። ማለዳ እህል የፈጨች የእኛ አገር እናት ይቺን ሴት በቋንቋ ሳትግባባ ታውቃታለች።

[ምስል፦ የፓንዳርፑር ቤተ መቅደስ ጉልላት]

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ፓንዳርፑር ሰው በሰው ላይ ነው። ውስጥ ገብቶ ግንባሩን የቪቶባ እግር ላይ ለማስነካት ሰልፉ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎቹ አይሰለፉም። ወንዙ ውስጥ ይታጠባሉ። ከዚያ ቀና ብለው የቤተ መቅደሱን ጫፍ ያያሉ፣ ጉልላቱን። እጃቸውን ያጋጥማሉ። ሦስት ሳምንት ተጉዘው የሚያዩት ያንን ነው። ከዚያ ጎናቸው ወደቆመው ሰው ይዞራሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። ማውሊ።