ክራንክቤት ሥራዋ መጋጨት ነው፦ ባስን በእንጨት፣ በድንጋይና በሣር ውስጥ ማጥመድ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! ዛሬ ስለ ክራንክቤት፣ ባስ የሚባለውን ዓሣ ስለምናጠምድባት ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ነው የምናወራው። ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል፣ እኔም በጣም የምወደው ርዕስ ነው። መወርወርና ክሩን መልሳችሁ ማጠንጠን ትችላላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ የቻናሉን የመጀመሪያ ቪዲዮዎች እዩና ተመለሱ፤ እኛ እዚሁ ነን።

(ካሜራው ወደ እጅ ይጠጋል)

ይቺን ተመልከቱ። አውራ ጣት የምታክል፣ ሆዷ ነፋ ያለ የውሸት ዓሣ ናት። ከሥሯ ሁለት መንጠቆዎች ተንጠልጥለዋል፣ እያንዳንዳቸው ባለሦስት ጥርስ። ከአገጯ ደግሞ ይቺ ስስ ፕላስቲክ ወጥታለች። እኔ ምላስ ነው የምላት። አሁን የምላሷን ጫፍ በደንብ እዩት። ተፋፍቋል። ተጫጭሯል። አፍንጫዋ ላይ ያለው ቀለምም ተልጧል። ደስ የሚለኝ ይሄ ነው! ምላሷ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ክራንክቤት ካለቻችሁ፣ ገና ሥራ አልጀመረችም። ሥራዋ መጋጨት ነው። ደግሜ እለዋለሁ፦ ሥራዋ መጋጨት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዓይነ ስውር ሰው በበትሩ ሲሄድ ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በትሩ ሁልጊዜ ከእግሩ ይቀድማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። እንቅፋት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካው በትሩ ነው። ጠርዝ ካለ በትሩ ይነግረዋል። ጉድጓድ ካለ በትሩ ይነግረዋል። እግሩ የሚከተለው በትሩ የመረመረውን መንገድ ነው። ደግሞ ድምፁ ይለያያል። ብረት ሲነካ ሌላ ነው፣ እንጨት ሲነካ ሌላ፣ አፈር ሲነካ ሌላ። እጁ ያንን ሁሉ ያነባል። ሳያይ ያያል።

ክራንክቤትም እንደዚያው ናት። ስትጎተት አፍንጫዋን ደፍታ፣ ጭራዋን ሰቅላ ነው የምትሄደው። ምላሷ ትቀድማለች። መንጠቆዎቹ ከሰውነቷ ኋላ ተሸሽገው ይከተላሉ። ግንድ ሲገጥማት ምላሷ ትነካለች፣ ሰውነቷ ዘወር ይላል፣ መንጠቆው አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ያልፋል። ምላሷ በትሩ ናት፣ መንጠቆው እግሩ፣ ዘንጉን የያዛችሁት እናንተ ደግሞ የምታነበው እጅ። ጭቃ ላይ ስትሄድ ለስለስ፣ ከበድ ይላችኋል። ጠጠር ላይ ትር ትር ትር ትላለች። ግንድ ላይ አንዴ ኳ! ትልና ዝም። ሣር ውስጥ ስትገባ መንቀጥቀጧ ይጠፋል፣ እርጥብ ጨርቅ የምትጎትቱ ይመስላችኋል።

ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። በትር የያዘው ሰው እንቅፋቱን የሚፈልገው ሊያልፈው ነው። እኛ ግን እንቅፋቱን የምንፈልገው ሆን ብለን ልንጋጨው ነው። ለምን? ባስ አድፍጦ የሚያጠቃ ዓሣ ስለሆነ ነው። ጥላ ሥር ይቆማል፣ ከግንድ ጎን ይለጠፋል፣ ይጠብቃል። አንዲት ትንሽ ዓሣ ቀጥ ብላ ብታልፍ ዝም ብሎ ሊያሳልፋት ይችላል። ተጋጭታ ድንገት ወደ ጎን ስትፈናጠር ግን ማሰቢያ ጊዜ የለውም። ይነክሳል።

እሺ፣ አሁን ቶሎ ቶሎ። ምላሷ አጭርና ባለአራት ማዕዘን ከሆነች፣ ከ1 እስከ 2 ሜትር ትጠልቃለች። ክብና መካከለኛ ከሆነች፣ ከ2.5 እስከ 4 ሜትር። ረጅምና ከሰውነቷ ጋር ቀጥ ያለች ከሆነች፣ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ። ጨርሶ ምላስ የሌላት ጠፍጣፋዋ ደግሞ ክሯ ጀርባዋ ላይ ይታሰራል፣ ካላጠነጠናችሁ ትሰምጣለች፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ባሉት ትንንሽ ኳሶች ይንኳኳሉ። ውሃው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ቀጭኗን፣ ጠበብ አድርጋ የምትንቀጠቀጠውን ውሰዱ። ሲሞቅ ወፍራሟን፣ ሰፋ አድርጋ የምትወዛወዘውን። በቃ።

እዚህ ላይ ግን ማቆም አለብኝ። ከእናንተ አንድ ጥያቄ በጣም ተደጋግሞ ስለደረሰኝ ነው። «በፍጥነት ባጠነጥን ይበልጥ አትጠልቅም ወይ?» ብላችኋል። አትጠልቅም። ነገሩ እውነት የሚመስልበት ምክንያት ይገባኛል። ባለምላሷ ማጠንጠን ስትጀምሩ ትወርዳለች፣ ስታቆሙ ትንሳፈፋለች። እንግዲያው ብዙ ባጠነጥን ብዙ ትወርዳለች ማለት ነው ትላላችሁ። ግን እያንዳንዷ ክራንክቤት ከዚያ በታች የማትወርድበት የራሷ የጥልቀት ወሰን አላት። እዚያ ከደረሰች በኋላ ብታፈጥኑ ውሃው ክሩን ይበልጥ ይገፋዋል፣ ወደ ታች አትጨምርም። አብዝታችሁ ካፈጠናችሁማ ሚዛኗን ስታ በጎኗ ትተኛለች።

ጥልቀቷን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው ምላሷ ነው። ሁለተኛው የክሩ ውፍረት ነው፤ ክሩ ሲቀጥን ውሃው ብዙ አይዘውም፣ ስለዚህ ትወርዳለች። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እሱም የውርወራው ርዝመት ነው። መንገዷን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አስቡት። ከወዲያኛው ጠርዝ ትገባለች፣ እየወረደች ትሄዳለች፣ መሃል ላይ ጥልቁን ትይዛለች። ወደ እናንተ ስትቀርብ ክሩ ሽቅብ ስለሚስባት ትወጣለች። ስለዚህ ግንዱ 10 ሜትር ላይ ከሆነ ግንዱ ላይ አትወርውሩ። አሳልፋችሁ 15 ሜትር፣ 20 ሜትር ወርውሩ። ግንዱ ጋ ስትደርስ የሳህኑ መሃል ላይ ትሁን። አሁንም ትንሽ ከጎደላችሁ፣ ተንበርከኩና የዘንጉን ጫፍ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ፍጥነት የማይሰጣችሁን እሱ ይሰጣችኋል።

ይሄ ጥያቄ ለሌሎችም ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ቪዲዮውን አጋሩልኝ። ሰብስክራይብ ማድረግም አትርሱ፣ በእውነት ያበረታኛል።

ወደ እንጨቱ እንሂድ። ለወደቀ ዛፍ፣ ለጉቶ፣ ለቅርንጫፍ የማወጣው ባለአራት ማዕዘን ምላሷን ነው። ማዕዘኑ እንጨቱን ሲነካ ወደ ጎን ይወረውራታል። የዚህች ዓይነት ማጥመጃ ደስ የሚል ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ፣ ፍሬድ ያንግ የሚባል ሰው ከባልሳ እንጨት በእጁ እየቀረጸ ይሠራት ነበር። ስሟን ቢግ ኦ አላት፣ ኦዲስ በሚባለው ግዙፍ ወንድሙ ስም። በ1970ዎቹ ማጥመጃ ሠሪው ኮተን ኮርዴል በፕላስቲክ አወጣትና ተስፋፋች። ባልሳ በጣም ቀላል እንጨት ነው። ማጠንጠኑን ስታቆሙ ብድግ ብላ ትንሳፈፋለች። እንጨት ውስጥ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ኳ! ስትል ለአፍታ አቁሙ። ትነሳለች፣ እንጨቱን ትሻገራለች፣ እንደገና አጠንጥኑ። ብትያዝ እንዳትጎትቱ! ጉተታ መንጠቆውን ይበልጥ ይተክለዋል። ክሩን ላላ አድርጉላት፣ ብዙ ጊዜ ራሷ ተንሳፍፋ ትወጣለች። ምላስ የሌላትን ግን እንጨት ውስጥ አልጥላትም። በትር የሌለው እግር ናት፣ ያገኘችው ሁሉ ይይዛታል።

ድንጋይ ላይ ከውሃው ትንሽ የሚበልጥ ጥልቀት ያላትን ምረጡ። ውሃው 2 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር የምትወርደውን። ወለሉን እየቆፈረች፣ አቧራ የመሰለ ደለል እያስነሳች ትምጣ። ክብ ምላስ ድንጋይ ላይ ጥሩ ትንከባለላለች። በየጥቂት ውርወራው ከማጥመጃዋ አጠገብ ያለውን ክር በጣታችሁ ዳስሱት። ሸካራ ከሆነ ቁረጡና እንደገና እሰሩ።

ስለ ዘንግ አንድ ቃል። ለስለስ ያለ፣ የሚለመጥ ፋይበርግላስ ይሁን። አንድ ጊዜ ጠንካራ ዘንግ ይዤ ትልቅ ባስ ነከሰልኝ። በደመ ነፍስ መነጨቅኩ። መንጠቆው አፉን ቀድዶ ወጣ። አረንጓዴ ጀርባው ከውሃው በታች ሲዞር አየሁት፣ ሄደ። እነዚህ መንጠቆዎች ትንንሽ ናቸው። ሲነክስ አትመንጭቁ፤ ማጠንጠኑን ሳታቆሙ ዘንጉን ወደ ጎን ሳብ አድርጉ።

የመጨረሻው ሣር ነው፣ የእኔ ምርጥ። እዚህ ምላስ የሌላት ጠፍጣፋዋ ትግባ። ከሣሩ አናት በላይ፣ ጫፉን እየነካካች እንድትሄድ አድርጋችሁ አጠንጥኑ። ትያዛለች። ያ እርጥብ ጨርቅ ይሰማችኋል። ያኔ ዘንጉን በአንዴ ጠቅ! አድርጋችሁ ንጠቋት። ሣሩ ይበጠሳል፣ እሷ ተፈናጥራ ትወጣለች። ከዚያ ክሩን ላላ አድርጉና ትንሽ ትስመጥ። ዓይናችሁን ከክሩ ላይ አታንሱ። እየሰመጠች ሳለ ክሩ ወደ ጎን ከሄደ፣ ይዟታል።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ቀለም እናወራለን። የትኛው መሸሸጊያ እንደሚያስቸግራችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።