መናፈሻችን ከመነደፉ በፊት፦ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የየዕድሩ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ከወረዳው የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እንደምን አደራችሁ። የእሑድ ጠዋታችሁን ሰጥታችሁን ስለመጣችሁ በሥራ አስፈጻሚው ስም አመሰግናለሁ።

የሥራና የኦዲት ሪፖርቱ ከእኔ በኋላ ስለሚቀርብ እዚያ ውስጥ አልገባም። የተሰጠኝን ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ልጠቀምበት። መናፈሻችን እንደ አዲስ ሊነደፍ ነው፤ ንድፉ ከመጀመሩ በፊትም የነዋሪው ሐሳብ ተሰብስቦ ይቅረብ ተብለናል። ሥራ አስፈጻሚው የሚለው ይህን ነው፦ ነዋሪውን "ምን ይሠራላችሁ?" ብለን አንጠይቅ። "አሁን እዚያ ምን ታደርጋላችሁ? በስንት ሰዓት? የማትሄዱ ደግሞ ለምን ቀራችሁ?" እንበል።

"ምን ይሠራ?" ሲባል ሰው የሚጠራው ሌላ ቦታ ያየውን ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የአንድነት፣ የወዳጅነትና የእንጦጦ ፓርኮች ከተከፈቱ ወዲህ በየስብሰባው የሚነሳው ፋውንቴን፣ ካፌና የፎቶ ቦታ ነው። ፓርኮቹ ያምራሉ፤ ነገር ግን ሰው በዓመት አንዴ ሁለቴ ለባብሶ የሚሄድባቸው የከተማ ፓርኮች ናቸው። የእኛው 50 በ80፣ ማለትም 4,000 ካሬ ሜትር ነው። ሰው ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ያቋርጠዋል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ጎል አድርጎ ይጫወትበታል። ፋውንቴን ተሠርቶ ፓምፑ በሁለተኛው ዓመት ቢቃጠል የሚቀርልን የቆሻሻ ገንዳ ነው።

ጥቅምት ላይ መሰብሰባችን ለአንድ ነገር ጠቅሞናል። የክረምቱ ውሃ የቆመበት ቦታ ገና ይታያል፤ አፈሩ እየተሰነጠቀ፣ ሣሩ እየበሰበሰ ነው። የመስከረም 16ቱ ደመራ አመድም ቦታው ላይ አለ። ይህ ምልክት ሳይጠፋ በዚህ ሳምንት በኖራ ይከበብና በካርታ ላይ ይስፈር። ከታችኛው በር አጠገብ ያለው አፈር ጥቁር ኮትቻ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ኮብልስቶን በቀጥታ ቢነጠፍበት በሁለት ክረምት ውስጥ ይጎብጣል። እዚያ መንገድ ካስፈለገ ኮትቻው ተቆፍሮ ወጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም በተመረጠ የሙሌት አፈር፣ ተተክቶ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት፤ ይህ ደግሞ ከድንጋዩ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ዛፍ እንትከል ለሚሉም ቀላል ፈተና አለ፦ ግማሽ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ካለ ችግኙ በክረምት ሥሩ ይበሰብሳል። ይህን አስቀድመን ካላወቅን ነዋሪው የሚመርጠው የማይሆን ነገር ይሆናል፤ ኋላም "ጠይቃችሁን ነበር፣ ግን አልሠራችሁትም" የሚል ቅሬታ ይመጣል።

ቀጥሎ ቆጠራ ነው። ኅዳር ላይ በሁለት የሥራ ቀናት፣ በአንድ ቅዳሜና በአንድ እሑድ ይካሄዳል። በቀን አራት ጊዜ ይሆናል፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል። ሁለት ሁለት ሰው ካርታ ይዞ መናፈሻውን በአሥር ደቂቃ ይዞራል፤ የተቀመጠውን በክብ፣ የሚያልፈውን በቀስት፣ የሚጫወተውን በመስቀል፣ የሚሸጠውን በሦስት ማዕዘን ይመዘግባል። ከምልክቱ አጠገብ ጾታና ግምታዊ ዕድሜ ይጻፋል። ስም አይጠየቅም፣ ፎቶ አይነሳም። ኅዳር 12 እና 21 የንግሥ ቀናት ስለሆኑ አይቆጠርባቸውም፤ በእነዚያ ቀናት ሰፈሩ መልኩ ሌላ ነው። ደንብ ልብስ ወይም ባጅ ያጠለቀ ሰውም አይቁጠር፤ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ ገና ስታየው ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች፤ ቆጠራውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሰት ይሆናል።

ቆጠራው የሚነግረን የመጣውን ሰው ብቻ ነው፤ ያልመጣው አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሴት ልጆቻችንን ማንሳት ግድ ይላል። የቪየና ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስጠናው ጥናት፣ ሴት ልጆች ከዘጠኝ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከመናፈሻ እየጠፉ እንደሚሄዱ፣ ወንዶቹ ግን እንደሚቀሩ አሳይቶ ነበር። ምክንያቱ ብዙም አልራቀም፤ አንድ ትልቅ የኳስ ሜዳ ካለ ቀድሞ የያዘው ቡድን ነው የሚውልበት። ከዚያ በማርጋሬተን ወረዳ ሁለት መናፈሻዎች እንደገና ሲነደፉ ክፍት ቦታው ተከፋፈለ፣ ቮሊቦልና ባድሚንተን ገባ፣ መንገዶቹ ተሻሻሉ፤ ሴት ልጆቹም ተመለሱ። የእኛ ሰፈር ቪየና አይደለም የሚል ካለ ዛሬ ከሰዓት በ10 ሰዓት ሄዶ ሜዳው ላይ ስንት ሴት ልጅ እንዳለች ይቁጠር።

ስለዚህ ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች ለብቻቸው፣ በሴት አወያይ፣ ስድስት ስምንት ሆነው መናፈሻውን በእግራቸው ይዞሩታል። ወንዶች ካሉ ዝም ነው የሚሉት። የሚጠየቁትም ቀላል ነው፦ "በየት ታልፋላችሁ? በየት አታልፉም? እዚህ ጋ ሰው ቢያስቸግራችሁ በየት ትወጣላችሁ?" የመጨረሻዋ ጥያቄ አጥሩ ምን ዓይነት ይሁን የሚለውን ክርክር ትፈታለች ብዬ አስባለሁ። አንድ በር ብቻ ያለው ግንብ ለጥበቃ ይመቻል፣ ለመውጣት ግን ወጥመድ ነው። ቁጥቋጦውም ከ70 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ ከሁለት ሜትር በታች እንዳይወርድ የሚባለው ለዚሁ ነው፤ በመሀል ዓይን ማለፍ አለበት።

እንዲህ ያለ ጉዞ ከአረጋውያን፣ ሕፃን ካዘሉ እናቶች፣ በዊልቸር ከሚሄዱና ዓይነ ስውራን ከሆኑ ወገኖቻችን ጋርም ይደረጋል። የላይኛው በር ስድስት ደረጃ አለው፣ ከፍታው 90 ሳንቲ ሜትር ነው። "ጎኑ ላይ መወጣጫ ይሠራ" ማለት በአፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዊልቸር በራሱ ኃይል የሚወጣው ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ሲኖር ነው። ስለዚህ የእኛው ወደ 11 ሜትር ይፈልጋል፣ ከላይና ከታች ማረፊያውን ሳይጨምር። ሦስት ሜትር ላይ የተሠራ መወጣጫ በየሕንፃው ደጅ አይተናል፤ የሞተር ብስክሌት መውጫ ከመሆን አላለፈም። ዋናው መንገድም ሁለት ዊልቸር እንዲተላለፍበት 1.80 ሜትር ይሁን።

አሁን ወደ ዕድሮቻችን። የወር ስብሰባችሁ ሐሳብ ለመሰብሰብ ከሁሉ የተሻለ ቦታ ነው፣ ሰው ተገኝቷልና። ግን የጸሐፊዎቹን እጅ መያዝ ያስፈልጋል፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። አንዲት እናት "ልጄን እዚያ ብቻውን አልለቀውም" ብትል ጸሐፊው "ጥበቃ ይቀጠር" ብሎ ይጽፋል። እሷ ግን ጥበቃ አላለችም። የፈራችው በሩ ላይ ወደ ኋላ የሚዞረውን ሚኒባስ ሊሆን ይችላል፤ ውሻም ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዥዋዥዌው አጠገብ እሷ የምትቀመጥበት ጥላ ስለሌለ ነው። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ይለያያል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የተናጋሪው ቃል እንዳለ ይጻፍ፣ ከሥሩ "ለምን?" ተብሎ የተመለሰው ይጨመር፣ ወረቀቱም ቁጥር ይሰጠው። ማጠቃለል በኋላ ይደረስበታል።

ዕድር ያልገቡም አሉ። ተከራዮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሊስትሮዎች፣ የጀበና ቡና ሻጮችና የጥበቃ ሠራተኞች በየትኛውም ስብሰባችን ላይ የሉም፤ መናፈሻውን ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ጋ ራሳችን እንሂድ። የሚሉትን ለማባረሪያ እንዳንጠቀምበት ይሰጋሉ፣ ቢሰጉም አይፈረድባቸውም። ስማቸው የትም እንዳይጻፍ ዛሬ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝልን እጠይቃለሁ። የሐሳብ መስጫ ሳጥን እንስቀል የሚሉ አሉ፤ ሳጥኑ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ስለማይታወቅ ባዶውን ይከርማል። የቴሌግራም ግሩፑ ለማስታወቂያ ይሁን። እዚያ ድምፅ ማሰባሰብ ግን ሦስት ስልክ ያለውን ቤት ሦስት ጊዜ መቁጠር ነው።

ታኅሣሥ ላይ የጠረጴዛው ሥራ ይመጣል፤ ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ይህ ነው። መናፈሻው አንድ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ 50 በ80 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ይሳላል። ያሉት ዛፎች ከነጥላቸው ይቀመጣሉ፤ አንድ የጎለመሰ ጃካራንዳ አሥር ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሆናል፣ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሌላው ሁሉ በዚያው ልክ ከካርቶን ይቆረጣል። አነስተኛ የእግር ኳስ ሜዳ 20 በ40 ነው፤ በዙሪያው ሁለት ሁለት ሜትር ሲተውለት 24 በ44 ይሆናል። ካርቶኑን ወረቀቱ ላይ ያስቀመጠው ወጣት ከመናፈሻው ከሩብ በላይ እንደሸፈነ በገዛ ዓይኑ ያያል፤ ማንም ሊከራከረው አያስፈልግም። የቮሊቦል ሜዳ ከነዙሪያው 15 በ24 ነው፣ የዚያ ሲሶ ያህል።

ውሃም በካርድ ይቆጠር። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር ሣር በቀን ከአራት እስከ አምስት ሊትር ይፈልጋል። አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ሣር ማለት እንግዲህ በየቀኑ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ባዶ ማድረግ ነው፤ ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አሥር ሰማያዊ ካርድ ይሰጣል፤ መቶ ካሬ ሣር ያስቀመጠ አንድ ካርድ ይከፍላል። አንድ ችግኝ በሳምንት አንድ ጀሪካን ይበቃዋል፣ ከተያዘ በኋላ እሱንም አይጠይቅም። ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ በዚህ መንገድ ራሳቸውን ያስመርጣሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

በአንድ ጠረጴዛ ሰባት ሰው፣ አንድ አወያይና አንድ ጸሐፊ ይሁን። እስክሪብቶ ለመጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች አይታደልም፤ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ለሌላው ይስላል። በየተራ አንድ አንድ ካርቶን ይቀመጣል። ወጣቶች ለብቻቸው ጠረጴዛ ይኑራቸው፤ በእኛ ባህል ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ አይቃረንም፣ ማክበሩ መልካም ነው፣ ሐሳቡ ግን ይቀርብናል። የወረዳ እንግዶቻችንም በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት መጥታችሁ ብታዳምጡ ይመረጣል፤ እንደማትቀየሙን አምናለሁ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ መስተንግዶው ሻይና ዳቦ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ጠረጴዛው ላይ መቅረት የለበትም፦ የለቅሶና የሠርግ ድንኳን። ሜዳው ኮብልስቶን ወይም ሰው ሠራሽ ሣር ከለበሰ ካስማ የት ይመታል? ዕድሮች ድንኳናችሁን ለክታችሁ አምጡ፤ በዚያ ልክ የብረት ቀለበቶች ከመሬት እኩል ኮንክሪት ውስጥ ቢቀበሩ ችግሩ ያልቃል። ይኸው የተጠቀጠቀ ባዶ ቦታ ከላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሌለ ለደመራም፣ በአዘቦት ቀን ለኳስም ይሆናል። የልጆች መጫወቻ ከሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይፈልጋል፤ አሸዋው በየሳምንቱ ካልተበጠረ የድመት መጸዳጃ ይሆናል፣ ስለዚህ የሚበጥረው ሰው አብሮ ይጻፍ። መጸዳጃ ቤቱን ሁሉም ጥግ ላይ መደበቅ ይፈልጋል። ቦታው ግን በሩ አጠገብ፣ ጥበቃው ፊት ለፊት ነው፤ የማስመጠጫ መኪና የማይደርስበት መጸዳጃ ዓመት ሳይሞላው ይቆለፋል።

ከዚያ መለየት ነው። በድምፅ ብልጫ አንለይ። ተደራጅቶ የመጣ ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ በዊልቸር የሚሄዱት ጥቂት ስለሆኑ ሁልጊዜ ይሸነፋሉ። ደኅንነትና መግቢያ መውጫ የሚነኩት ከድምፅ ውጭ ይሁኑ። በቦታ የሚጋጩት መጀመሪያ በሰዓት ተከፋፍለው ይታረቁ እንደሆነ ይታይ። በገንዘብ የሚጋጩት ብቻ ለድምፅ ይቅረቡ፣ ከነዓመታዊ የጥገና ወጪያቸው።

ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር ሳያልቅ፣ የሐሳቦቹ ቁጥሮች ሁሉ በሁለቱም በሮች ላይ ይለጠፋሉ፤ ከእያንዳንዱ ፊት "ገብቷል"፣ "ተለውጦ ገብቷል" ወይም "አልገባም" ተብሎ ምክንያቱ በአንድ መስመር ይጻፋል። ሥራ አስፈጻሚው ውስጥ "ያልገባውን መለጠፍ ጠብ ይጭራል" ያሉ ነበሩ። እኔ ጠብ የሚጭረው ዝምታው ነው ባይ ነኝ። የካቲት ላይ ነዳፊዎቹ ሁለት አማራጭ ያቀርባሉ፣ መጋቢት ላይ ይወሰናል። የችግኝ ጉድጓዱ ግንቦት ላይ ካልተቆፈረ የሰኔ መጨረሻው ተከላ ያመልጠንና ዓመት እንጠብቃለን።

ከጉባኤው የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ቅደም ተከተሉን እንድታጸድቁ፣ የሐሳብ ወረቀቶቹን ከሥራ አስፈጻሚው ውጭ የሚይዙ ሁለት ሰዎች እንድትመርጡ፣ ለቆጠራው አሥራ ስድስት በጎ ፈቃደኞች እንድትሰጡን። መመዝገቢያው በስተግራ በኩል ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ለሴት ልጆቹ ጉዞ የሚሆኑ ሴት አወያዮች በተለይ ያስፈልጉናል፣ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ተመዝገቡ። የዛሬው ጉባኤያችን መከፈቱን እየገለጽኩ የሒሳብ ክፍላችን የኦዲት ሪፖርቱን እንዲያቀርብ መድረኩን እለቃለሁ።