ምሽጉ ከተያዘ በኋላ ያለው ሰዓት

ክቡራትና ክቡራን፣

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምዕራቡ ግንባር ለምን ለዓመታት ከቦታው ሳይነቃነቅ ቀረ ሲባል፣ ብዙ ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ጄኔራሎቹ ቂሎች ነበሩ» የሚል ነው። ቂል አልጠፋም። ነገር ግን ከስዊዘርላንድ ድንበር እስከ ሰሜን ባሕር 700 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ምሽግ በቂልነት ብቻ ያን ያህል ጊዜ አይቆምም። ዋናው ጣጣ የሚጀምረው የፊቱ ምሽግ ከተያዘ በኋላ ነው።

በሰሜን ፈረንሳይ ያለችውን፣ ጀርመኖች ይዘዋት የነበረችውን ኑቭ ሻፔል የተባለች መንደር እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1915 ጠዋት እንግሊዞች ለ35 ደቂቃ ብቻ በመድፍ ደበደቡ፤ እግረኛው ተነሣ፤ መንደሯ በዚያው ረፋድ ተያዘች። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑ በመጠባበቅ አለቀ። የስልኩን ሽቦ መድፍ በጣጥሶታል፤ ወታደር ተሸክሞት የሚሮጥ ሬዲዮ ገና የለም። ብጣሽ ወረቀት የያዘው መልእክተኛ ከሻለቃ ወደ ብርጌድ፣ ከብርጌድ ወደ ክፍለ ጦር፣ ከዚያም ክፍለ ጦሮቹን ወደሚያዝዘው ኮር ይሄዳል፤ ትእዛዙም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጥቃቱ እንደገና ሲቀጥል መሽቷል፤ ጀርመኖችም ተጠባባቂ አስገብተው መትረየስ ተክለዋል። ማርች 13 ሁሉም ነገር ቆመ።

ነገሩ የፍጥነት ጉዳይ ነው። ተከላካዩ ተጠባባቂውን በባቡር ያመጣል፤ አጥቂው የተቆፋፈረ መሬት እየረገጠ በእግሩ ይሄዳል፣ መድፉንም በፈረስ ይጎትታል።

«እንግዲያው ድብደባውን እናብዛው» ተባለ። ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ በ1916 ለሰባት ቀን 1.5 ሚሊዮን ያህል የመድፍ ጥይት ተተኮሰ። የእሾህ ሽቦውን እንዲቆርጥ የታሰበው ጥይት አየር ላይ ፈንድቶ የእርሳስ እንክብል የሚበትን ዓይነት ነበር። ጥይቱ መቼ እንደሚፈነዳ የሚወስነው ፊውዝ በእጅ ይሞላል፦ ጥቂት ከቀደመ እንክብሉ ተበታትኖ ይቀራል፣ ጥቂት ከዘገየ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ከባዱ ፈንጂ ደግሞ መሬት ገብቶ ስለሚፈነዳ ሽቦውን ወደ ላይ አንስቶ ይባስ አወሳስቦ ይመልሰዋል። ጀርመኖቹ እስከ 10 ሜትር በሚጠልቁ የኖራ ድንጋይ ጉድጓዶች ተጠልለው ቆዩ፤ ድብደባው ወደ ኋላ ሲያልፍ ደረጃውን ሮጠው ወጥተው መትረየሳቸውን ጠመዱ። ጁላይ 1 ብቻ እንግሊዞች 57,470 ሰው ከጥቅም ውጭ ሆነባቸው፤ ከነዚህ 19,240ው ሞቱ።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ፦ ድብደባ በበዛ ቁጥር አጥቂው ራሱ የሚሻገረው መሬት ይበላሻል። በ1917 ቤልጅየም ውስጥ ፓሸንዴል ላይ የውኃ መውረጃ ቦዮቹ ፈራርሰው ሸክላው አፈር ረግረግ ሆነ።

መፍትሔው የመጣው በትንንሽ ነገሮች ነው። በ1917 ሽቦ እንደነካ የሚፈነዳ ፊውዝ በብዛት ደረሰ። በመስመር የተተከሉ ማይክሮፎኖች የአንድን መድፍ ድምፅ የሰሙበት ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ እየተነጻጸረ መድፉ ያለበት ቦታ ይሰላ ጀመር። ታንክ ሁልጊዜ ይወደሳል፤ በእኔ ግምት ግን የማይክሮፎኑ ውለታ ይበልጣል። ኦገስት 8 ቀን 1918 በፈረንሳይዋ ከተማ አሚየን አጠገብ እንግሊዞችና አጋሮቻቸው ሲያጠቁ፣ ከ530 የጀርመን መድፎች 504ቱ ያሉበት ቦታ አስቀድሞ ታውቆ ስለነበር፣ የማነጣጠሪያ ተኩስ ሳያስፈልግ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ይመቱ ጀመር።

እዚያም ቢሆን ጥቃቱ በጥቂት ቀናት ዛለ። የተለየው ቀጥሎ የተደረገው ነው፦ የደከመውን ከመግፋት ይልቅ አቆሙት። የጀርመን ተጠባባቂ ወደ አሚየን ከተሳበ በኋላ፣ ኦገስት 21 ሌላ የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በአልቤር በኩል ተነሣ።

አመሰግናለሁ።