«ራዳር ሞተር ሳይክልን አያይም» ላላችሁኝ ሁሉ

[ሥዕል፦ መንገድ ዳር የቆመች ሰማያዊ ሞተር ሳይክል፤ ከኋላዋ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት]

ሰባ ስድስት። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ እስከ መጨረሻው አብራን ትጓዛለች። በሰዓት 76 ማይል፣ 55 በተፈቀደበት መንገድ ላይ። በለመድነው ኪሎ ሜትር ሲታሰብ 88 በተፈቀደበት 122 መሆኑ ነው። ቦታው ቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ወደ አሌክሳንድሪያ የሚወስደው ኢንተርስቴት 395። ጊዜው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ጭር ያለ። ነጂው እኔ፤ የያዘኝ ደግሞ ፍጥነት መለኪያ ራዳር በእጁ የያዘ የመንገድ ፖሊስ።

እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ቻናል ላይ በሁለት ጎማ ስለሚኬድ ነገር ሁሉ እናወራለን። ገና ያልተመዘገባችሁ ተመዝገቡ፤ አንዳንዱን ቪዲዮዬን እናቴ ብቻዋን አሥር ጊዜ እየከፈተች ቁጥሩን ስታሳድግልኝ ታሳዝነኛለች። እማዬ፣ ይኼኛውን ግን አትክፈቺው። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው ብዬሻለሁ።

ለምን 76 እንዳልረሳኋት ልንገራችሁ። በብዙ ቦታ የፍጥነት ቅጣት ማለት ገንዘብ ከፍሎ፣ ሁለት ቀን ተበሳጭቶ መርሳት ነው። ቨርጂኒያ ግን እንደዚያ አይደለችም። ከተፈቀደው በ20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፋችሁ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን 85 ማይልን ካለፋችሁ፣ ጥፋቱ ስሙ ይቀየራል። «በግዴለሽነት ማሽከርከር» ይባላል፤ እሱም ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራት፣ እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ፣ 6 የጥፋት ነጥብ፣ ያውም በመንጃ ፈቃድ መዝገባችሁ ላይ 11 ዓመት የሚቆይ። 85 የሚለው ቁጥር ራሱ እኮ ምሕረት ተደርጎበት ነው፤ እስከ 2020 አጋማሽ ድረስ 80 ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። 55 ሲደመር 20፣ 75። በ74 ሄጄ ቢሆን ኖሮ 4 ነጥብ ይያዝብኝ፣ ገንዘቡን ቤቴ ተቀምጬ በኢንተርኔት እከፍል፣ ቡናዬን እጠጣ ነበር። 76! በሁለት ማይል ከባለ ቅጣትነት ወደ ተከሳሽነት ተሻገርኩ። ግሪን ካርድ ይዛችሁ ዜግነት የምትጠባበቁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ የማመልከቻው ቅጽ ስለ ወንጀል ክስ ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲደርሳችሁ ጠበቃ ሳታማክሩ «ጥፋተኛ ነኝ፣ ልክፈልና ልገላገል» እንዳትሉ። ይህ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ምክር ነው፤ ግን የተቃጠለ ሰው ምክር ነው።

[ሥዕል፦ በእጅ የሚያዝ ራዳር]

ያ ፖሊስ 76ን ከየት አመጣት? መንገድ ዳር ቆሞ፣ በአንድ እጁ መሣሪያ ይዞ፣ እየከነፈች የምትመጣን ሞተር ሳይክል አየና 75ም ሳይሆን 77ም ሳይሆን 76 አለ። እንዴት? ለዚህ ወደ ደሴ፣ ወደ አያቴ ግቢ እንሂድ። ይህችን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት፤ ታገሡኝ።

የአያቴ ማድ ቤት ከግቢው ጥግ ነበር። የማርያም ዝክር ሲሆን ዳስ የሚጣለው በሌላኛው ጥግ፣ አጥሩ አጠገብ ነው። የእኔ ሥራ ዳሱ በር ላይ ቆሜ ልጆችን ወደ ማድ ቤት መላክ። በየደቂቃው አንድ ልጅ። ልጁ ይሮጣል፣ ከምጣዱ የወጣ አንድ እንጀራ ይቀበላል፣ እየሮጠ ይመለሳል። ልጆቹ ሁሉ ሩጫቸው እኩል ነው እንበል። በእውነቱ የአጎቴ ልጅ መንገድ ላይ እየቆረሰ ስለሚበላ ይዘገይ ነበር፤ ለፊዚክስ ስንል እሱን እንርሳው። ማድ ቤቱ ባለበት እስከ ቆመ ድረስ በየደቂቃው ልጅ እልካለሁ፣ በየደቂቃው እንጀራ ይገባልኛል። አንድ ሲወጣ አንድ ሲገባ።

አሁን ማድ ቤቱ እግር ያውጣ። አትሳቁ። ምሰሶው፣ ምጣዱ፣ ጭሱ፣ ውስጡ ቁጭ ብላ የምትጋግረው እትዬ ሳይቀሩ ማድ ቤቱ ብድግ ብሎ ወደ ዳሱ መራመድ ጀመረ። የመጀመሪያው ልጅ ሩቅ ሮጦ አገኘው። ሁለተኛው ሲደርስ ማድ ቤቱ ቀርቧል፤ ስለዚህ የሚሄድበት መንገድ አጠረለት። የሚመለስበትም አጠረለት። ልብ አድርጉ፣ ሁለቴ ነው ያጠረለት! ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ባጠረ መንገድ። እኔ ልጆቹን አሁንም በየደቂቃው ነው የምልከው፤ እንጀራው ግን ደቂቃ ሳይሞላ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይመጣብኛል። ማድ ቤቱ እርምጃውን ሲያፈጥን እንጀራው ይብሳል። ፊቱን አዙሮ ሲሸሽ ደግሞ እንጀራው ይዘገያል፤ እንግዳው «ኧረ እንጀራ!» ማለት ይጀምራል።

የምወደው ቦታ ይህ ነው። ለማድ ቤቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ብቆም እንኳን ችግር የለም። ዓይኔን ጨፍኜ እንጀራ ብቻ ብቆጥር ማድ ቤቱ እየመጣ ይሁን እየሸሸ፣ በምን ያህል ፍጥነትም እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ክርስቲያን ዶፕለር የሚባል የኦስትሪያ ሊቅ በ1842 ነገሩን ስለ ከዋክብት ብርሃን ጻፈው። እንጀራ ስላላወቀ ነው።

ቀሪው ፈጣን ነው። ልጆቹ የሬዲዮ ሞገድ ናቸው፣ ማድ ቤቱ ሞተር ሳይክሌ። በብዛት ከሚሠራባቸው ራዳሮች አንዱ በሰከንድ 24.15 ቢሊዮን ሞገድ ይልካል። ወደ እሱ በምትመጡበት በእያንዳንዷ የሰዓት ማይል፣ የሚመለሰው ሞገድ በሰከንድ በ72 ገደማ ይበልጣል። መሣሪያው 5,472 ትርፍ ቆጠረ፣ ለ72 አካፈለ፣ 76 አለ። ፖሊሱ ከመንገዱ ገለል ብሎ በማዕዘን ከለካ ደግሞ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል እንጂ አይበልጥም፤ ስለዚህ «ከጎን ስለነበረ አብዝቶብኛል» የሚለው ክርክር አያዋጣም። ፖሊስ የሚጠቀምበት የሌዘር መሣሪያ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የብርሃን ምት እየላከ ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደተመለሰ ይለካል፣ ርቀቱ እንዴት እንደቀነሰ አይቶ ፍጥነቱን ያወጣል፣ ግማሽ ሰከንድም አይፈጅበትም። አለቀ።

አላለቀም። ምክንያቱም ስለ ቅጣቱ ባለፈው በነገርኳችሁ ጊዜ የደረሰኝ መልእክት ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። «ወንድሜ፣ ተሳስተዋል፣ ራዳር ሞተር ሳይክልን አያይም። ትንሽ ነው፤ ፕላስቲክ ነው።» አንዱ ጨምሮ «የአክስቴ ባል ሃያ ዓመት ነድቶ ተይዞ አያውቅም» ብሎኛል። የአክስትህ ባል ቀስ ብሎ የሚነዳ ጨዋ ሰው ይሆናላ!

እሺ፣ እንነጋገርበት። ሞተር ሳይክል ፕላስቲክ ነው? ፕላስቲኩ እኮ ልብሱ ነው። ከሥሩ ሞተሩ ብረት፣ የጭስ ማውጫው ብረት፣ የፊቱ ሹካ ብረት፣ የጎማው ቸርኬ ብረት። ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰውም ቢሆን አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው፤ ውኃ ደግሞ ሞገዱን ይመልሰዋል። ይህም ካላሳመናችሁ እዚሁ ዋሽንግተን ስታዲየም ገብታችሁ ቤዝቦል ተመልከቱ። ኳሷ በእፍኝ ትያዛለች። ላይዋ ቆዳ፣ ውስጧ ክርና ቡሽ፤ አንዲት ሚስማር የላትም። ስትወረወር ያላትን ፍጥነት ለማወቅ ተጫዋች መልማዮች ለብዙ ዓመታት የያዙት ምንድን ነው? በእጅ የሚያዝ ራዳር! ብርቱካን የምታክልን ቆዳ የሚያይ ራዳር ሁለት ኩንታል ብረት ያልፈዋል?

ግን ወሬው ከመሬት አልተነሣም። እውነት አለበት፤ ጥቂት። ሞተር ሳይክል የሚመልሰው ሞገድ ከጭነት መኪና ያነሰ ስለሆነ ራዳሩ ዘግይቶ፣ ቀረብ ስንል ነው የሚይዘን። ደግሞም የራዳር ጨረር እንደ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ይሄዳል፤ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ 60 ሜትር ያህል ወርድ ይኖረዋል፣ መንገዱን ሁሉ ይሸፍናል። ከእናንተ ጎን ትልቅ መኪና ካለ የእሱ ማሚቶ የእናንተን ሊውጠው ይችላል። ፍርድ ቤት ቆሞ «የለካኸው ማንን ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚያዋጣው እዚህ ላይ ነው፤ መንገዱ የተጨናነቀ ከነበረ። የእኔ መንገድ ባዶ ነበር። እኔ፣ እግዚአብሔርና ፖሊሱ ብቻ።

ሌዘር ሲሆን ይህችም ቀዳዳ ትደፈናለች። ጨረሩ 300 ሜትር ላይ ወርዱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ፖሊሱ የፊት መብራታችሁን አነጣጥሮ፣ ከአሥር መኪና መካከል እናንተን ብቻ ነጥሎ ያነሣችኋል። «ራዳር ጠቋሚ መሣሪያ ልግጠም?» ያላችሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ እሱ ራሱ የተከለከለ ነው፤ ዋሽንግተንም እንደዚያው። «ለምን አላመለጥክም?» ብሎ የጻፈልኝ ልጅ አለ። አንተን እናትህ ታናግርህ።

ስለ ቋሚ ካሜራም ጠይቃችኋል። ለሞተር ሳይክል የሚሰጠው ሰሌዳ አንድ ነው፣ እሱም ከኋላ ነው፤ ስለዚህ ከፊት ብቻ የሚያነሣ ካሜራ ሰሌዳችንን አያገኘውም። ከኋላ የሚያነሣው ያገኘዋል። በዚህ ላይ ተማምኖ መንዳት ቁማር ነው። በነገራችን ላይ ታዋቂውን የፍጥነት ካሜራ የሠራው ሰው ማን መሰላችሁ? ሞሪስ ጋትሶኒደስ የሚባል ሆላንዳዊ የመኪና ተወዳዳሪ፣ የ1953ቱ የሞንቴ ካርሎ አሸናፊ። መሣሪያውን የሠራው ሰዎችን ለመቅጣት ብሎ አልነበረም፤ ጥምዝ ላይ የራሱን ፍጥነት ለክቶ ይበልጥ ለመፍጠን ነበር! ከእኛው ወገን ነበር ማለት ነው።

[ሥዕል፦ ረጅም የነፋስ መከላከያ]

አሁን የሚያሳፍረኝን ክፍል ልናገር። ያን እሑድ ፈጥኛለሁ ብዬ አልፈጠንኩም። ከሳምንት በፊት ረጅም የነፋስ መከላከያ ገጥሜ ነበር። ከዚያ በፊት በ70 ማይል ነፋሱ ደረቴን ይመታኝ፣ አንገቴን ይጎትተኝ ነበር፤ ፍጥነቴን የምለካው በአንገቴ ነበር ማለት ይቻላል። መከላከያው ሲገጠም ነፋሱ ጠፋ። ጆሮዬ ውስጥ መድፈኛ፣ ላዩ ላይ ሄልሜት። ሞተሯ በስድስተኛ ማርሽ ላይ ስትሆን ድምፅዋ እንደ ንብ ቀፎ ዝግ ያለ ነው። መኪና ከ65 ወደ 76 ለመድረስ ትንሽ ታምጣለች፣ ነጂውም ይሰማዋል፤ ሞተር ሳይክል ግን የእጅ አንጓ ቅንጣት ታህል ሲዞር ደርሳለች። ሰዎች ሞተር ሳይክል ራዳርን ያታልላል ይላሉ፤ ስታታልል ያየኋት እኔን ነው።

ፖሊሱ ሲያስቆመኝ ደግሞ የአገር ቤት ልማዴ ሊያስበላኝ ነበር። እኛ አገር ትራፊክ ሲያስቆም ወርደህ፣ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ፣ ፈገግ ብለህ ወደ እሱ ትሄዳለህ፤ ያ አክብሮት ነው። እዚህ ወርዳችሁ ወደ ፖሊስ ብትራመዱ እንደ ማስፈራራት ነው የሚታየው። ሞተሩን አጥፉ፣ ጓንት አውልቁ፣ እጃችሁ ይታይ፣ ባላችሁበት ቆዩ፣ የመንጃ ፈቃዱን ከኪስ ከማውጣታችሁ በፊት ተናገሩ። ወረቀቱ ላይ ፈርም ሲል ፈርሙ፤ ፊርማው ፍርድ ቤት እቀርባለሁ የሚል ቃል ነው እንጂ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም። 

ፍርድ ቤት። ጠበቃዬ መጀመሪያ የመሣሪያውን ወረቀት አየ፤ የራዳሩ ትክክለኛነት ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ መረጋገጥ አለበት። ተረጋግጧል። ቀጥሎ «የፍጥነት መለኪያህን አስመርምር» አለኝ። በቨርጂኒያ መለኪያው የተሳሳተ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ዳኛው ይቀበላሉ፤ «82 ስሄድ 74 ይለኝ ነበር» የሚል ሰው ሊቀልለት ይችላል። ደስ ብሎኝ ወደ ጋራዥ ሄድኩ። ውጤቱ? መለኪያዬ በእርግጥ ይሳሳታል። ወደ ላይ! የሞተር ሳይክል መለኪያዎች አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፤ በአውሮፓ ደንብ ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ማሳየት ስለማይፈቀድ ፋብሪካዎቹ ወደ ላይ ያጋድሉታል። በ76 ስሄድ የእኔው መለኪያ 80 ይላል። እንግዲህ ይህን ወረቀት ለዳኛ ብሰጥ፣ «ጌታዬ፣ 80 እየሄድኩ መስሎኝ ነበር» ማለቴ ነው። ጠበቃዬ አንብቦ አጠፈውና በቦርሳው ከተተው፤ ዳግመኛ አላየሁትም።

ያዳነኝ ንጹሑ መዝገቤ፣ ባዶው መንገድና በፈቃዴ የወሰድኩት የአነዳድ ትምህርት ነው። ዳኛዋ ክሱን ወደ «ተገቢ ያልሆነ አነዳድ» ዝቅ አደረጉልኝ፤ 3 ነጥብ፣ 250 ዶላር፣ የፍርድ ቤት ወጪ፣ ወንጀል ያልሆነ። የጠበቃውን ክፍያ አልነግራችሁም፤ እማዬ ይህን ሁሉ ብላት ከፍታ እያየች እንደሆነ አውቃለሁ።

የነፋስ መከላከያውን ፈትቼ ለሽያጭ አቅርቤዋለሁ። ሳምንት ብቻ የሠራ ነው፣ ጭረት የለውም። ዋጋው 250 ዶላር።